ክሪስቶፈር ስትሬቺ

ክሪስቶፈር ስትሬቺ (ኅዳር 7 ቀን 1909 ዓ.ም. – ግንቦት 10 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 16 ኖቬምበር 1916 – 18 ሜይ 1975) እንግሊዛዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነበር። በኮምፒውተር ላይ ሙሉ የዳማ ጨዋታ መጫወት የቻለ ቀደምት ፕሮግራም በመጻፍ፣ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ትርጉም በሒሳብ የማስረዳት ዘዴን ከዴና ስኮት ጋር በመመሥረት እና ሲ ለተባለው ቋንቋ መነሻ ከሆኑት አንዱ የሆነውን ሲፒኤል የተባለ ቋንቋ በመንደፍ ይታወቃል። የኮምፒውተር ሥራውን የጀመረው በ34 ዓመቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሳለ በትርፍ ጊዜው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደት እና ቤተሰብ

ስትሬቺ ለንደን ውስጥ ሃምስቴድ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ኦሊቨር ስትሬቺ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የጠላትን የምስጢር መልእክቶች ከሚፈቱት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። እናቱ ሬይ ስትሬቺ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ከታገሉት መካከል ስትሆን፣ የዚያን ትግል ታሪክም ጽፋለች። ደራሲው ሊተን ስትሬቺ አጎቱ ነበር። በ1919 ቤተሰቡ ብሉምስበሪ ወደሚገኘው ጎርደን ስኩዌር ተዛወረ። በዚያን ጊዜ አካባቢው የብዙ ደራስያን፣ ሠዓሊዎች እና ምሁራን መኖሪያ ነበር። ስለዚህ ስትሬቺ ያደገው እንቆቅልሽ፣ ክርክር እና መጽሐፍ በማይጠፋበት ቤት ነው።

ትምህርት

በ13 ዓመቱ ኖርፎክ ወደሚገኘው ግሬሻምስ ትምህርት ቤት ገባ። በ1935 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ቀጥሎም ፊዚክስ አጠና። በሦስተኛው ዓመት በደረሰበት የአእምሮ መታወክ ትምህርቱን ለጊዜው አቋረጠ። ተመልሶ ቢጨርስም ያገኘው ማዕረግ ዝቅተኛ ስለነበረ ተመራማሪ የመሆን ተስፋው ተዘጋ። አለን ቱሪንግ በዚያው ኮሌጅ ስለነበረ ሁለቱ በመጠኑ ይተዋወቁ ነበር። ይህ ትውውቅ ጥቅሙ የታየው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የሥራ መጀመሪያ እና መምህርነት

ስትሬቺ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ስታንዳርድ ቴሌፎንስ ኤንድ ኬብልስ በተባለ ኩባንያ በፊዚክስ ተመራማሪነት ተቀጠረ። በጦርነቱ ዘመን ለራዳር የሚያገለግሉ የኤሌክትሮን ቱቦዎችን ንድፍ በሒሳብ ይመረምር ነበር። ለዚህም ሥራ ዲፈረንሻል አናላይዘር በተባለ የሜካኒክ ማስያ ይጠቀም ነበር። በማሽን የማስላት ፍላጎቱ የተነሣው ከዚህ እንደሆነ ይታመናል።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1945፣ ካንተርበሪ በሚገኘው ሴንት ኤድመንድስ ትምህርት ቤት የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1949 ደግሞ ሃሮው ወደተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በጥር 1951 አንድ ወዳጁ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ከሚሠራው ከማይክ ዉጀር ጋር አስተዋወቀው። ላቦራቶሪው በቱሪንግ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ፓይለት ኤስ የተባለውን ኮምፒውተር ሠርቶ ነበር። ስትሬቺ ማሽኑን ሲጎበኝ አንድ ቀን ዋለ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ለመጻፍ ወስኖ ነበር።

የዳማ ፕሮግራም

በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ከሞላ ጎደል የቁጥር ስሌት ብቻ ነበር። ስትሬቺ ማሽኑ በሕግ የሚመራ ማንኛውንም ሥራ፣ ጨዋታን ጨምሮ፣ ሊሠራ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ዳማን የመረጠው ሕጎቹ ከቼዝ ያነሱ በመሆናቸው ነው። የእንግሊዝ ዳማ የሚጫወትበት ሰሌዳ 64 ካሬዎች አሉት፤ ጠጠሮቹ ግን በጥቁሮቹ 32 ካሬዎች ላይ ብቻ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በ12 ጠጠር ይጀምራል። ተራ ጠጠር ወደፊት ብቻ በሰያፍ አንድ ካሬ ይሄዳል፤ የተቃራኒውን ጠጠር ዘሎ ይበላል፤ በተቃራኒው ወገን ያለው የመጨረሻ ረድፍ ላይ ሲደርስ ይነግሣል፤ ንጉሥ የሆነ ጠጠር ወደኋላም መሄድ ይችላል።

ስትሬቺ የሰሌዳውን ሁኔታ በሦስት ቁጥሮች ገለጸው። እያንዳንዱ ቁጥር 32 ቢት ሲኖረው፣ አንዱ ቢት አንዱን ጥቁር ካሬ ይወክላል። የመጀመሪያው ቁጥር የአንደኛው ተጫዋች ጠጠሮች የት እንዳሉ፣ ሁለተኛው የሌላኛው ተጫዋች ጠጠሮች የት እንዳሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም መካከል የነገሡት የትኞቹ እንደሆኑ ያሳያል። ይህ አቀማመጥ እጅግ ትንሽ ቦታ ከመያዙም በላይ የጠጠር እንቅስቃሴን ወደ ቀላል ስሌት ይለውጠዋል። ጠጠር ማንቀሳቀስ ማለት አንድን ቢት ከቦታው ማጥፋትና ጥቂት ቦታ ርቆ ማብራት ነው።

አስቸጋሪው ነገር ግን እዚሁ ላይ ነው። ካሬዎቹ በየረድፉ አራት አራት እየሆኑ ከ0 እስከ 31 ቢቆጠሩ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ያለ ጠጠር ወደፊት ሲሄድ በቁጥሩ ላይ 4 ወይም 5 ይደመራል። በሁለተኛው ረድፍ ያለ ጠጠር ሲሆን ግን የሚደመረው 3 ወይም 4 ነው። በሦስተኛው ረድፍ እንደገና 4 ወይም 5 ይሆናል። መብላት ሲሆን ደግሞ የሚደመረው 7 ወይም 9 ነው። ረድፉ ጎዶሎ ይሁን ሙሉ ሳያጣራ የሚደምር ፕሮግራም ጠጠሩን ወደተሳሳተ ካሬ ይልከዋል።

ከዚህ የባሰው የሰሌዳው ጠርዝ ነው። በካሬ 3 ላይ ያለ ጠጠር በመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ ላይ ስለሆነ መሄድ የሚችለው ወደ ካሬ 7 ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ጠርዙን ሳያይ 5 ቢደምር ጠጠሩ ካሬ 8 ላይ ይገኛል፤ ይህም አንድ ረድፍ ዘሎ በሰሌዳው ተቃራኒ ዳር መቆም ማለት ነው። እንዲሁም በካሬ 4 ላይ ባለ ጠጠር ላይ 3 ቢደመር 7 ይሆናል፤ ጠጠሩ ወደፊት ሳይራመድ በዚያው ረድፍ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሻገራል። ለማሽኑ ሁለቱም ትክክለኛ ድምሮች ናቸው። ሰሌዳ፣ ጠርዝ፣ ሰያፍ የሚባሉ ነገሮችን የሚያውቀው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክልከላ በትዕዛዝ መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለው ስህተት ጠጠር ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብቻ ስለሚገለጥ ጨዋታው መሐል ሰሌዳ ላይ እያለ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል። ዛሬም የሰሌዳ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ተማሪ በብዛት የሚጋፈጠው ይህንኑ ነው።

በፓይለት ኤስ ላይ የተደረገው ሙከራ

ስትሬቺ የፕሮግራሙን የመጀመሪያ ረቂቅ በግንቦት 1951 ጨረሰ። በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ቱሪንግ ኮምፒውተሮች ማሰብ ይችሉ እንደሆነ በቢቢሲ ሬድዮ ንግግር አደረገ። ስትሬቺ ንግግሩን እንደሰማ በዚያው ምሽት ለቱሪንግ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ።

ፕሮግራሙ በፓይለት ኤስ ላይ የተሞከረው ሐምሌ 30 ቀን 1951 ነው። የማሽኑን ማህደረ ትውስታ ሙሉ በሙሉ የሚወስድ ነበር። ሙከራው ግን በኮዱ ውስጥ በነበሩ ስህተቶች ምክንያት ከሸፈ። በዚያ ዘመን ስህተት ማረም ዛሬ እንደሚታወቀው አልነበረም። ማሽኑ በአገር ውስጥ ከነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንዱ ነው፤ የውጭ ሰው የሚያገኘው የጥቂት ሰዓት ተራ ነው፤ ስህተቱ የት እንዳለ የሚናገር መልእክት የለም። ስትሬቺም መምህር እንደመሆኑ ወደ ክፍሉ መመለስ ነበረበት። ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ እየተከተለ ስህተቶቹን አረመ።

የታረመውን ፕሮግራም ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ሲመለስ ሌላ ችግር ጠበቀው። በመካከሉ በማሽኑ አካል ላይ ትልቅ ለውጥ ተደርጎ ስለነበረ ፕሮግራሙ በብዙ መልኩ እንደገና ካልተጻፈ በስተቀር መሥራት አልቻለም። የወራት ልፋቱ ያለ ፍሬ የቀረ መሰለ።

ማንችስተር እና የክትትል ፕሮግራሙ

ስትሬቺ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ፌራንቲ ማርክ 1 የተባለ፣ ማህደረ ትውስታው እጅግ የሰፋ ኮምፒውተር መኖሩን ሰምቶ ነበር። ቱሪንግ በዚያ ይሠራ ስለነበረ የማሽኑን የፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያ እንዲልክለት ጠየቀው። የመመሪያው ጸሐፊ ራሱ ቱሪንግ ነው፤ ለማንበብ አስቸጋሪ በመሆኑም ይታወቅ ነበር። ስትሬቺ መመሪያውን አጥንቶ በጥቅምት 1951 የዳማ ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ማሽን ትዕዛዞች ገለበጠ።

ማንችስተርን ሲጎበኝ ቱሪንግ አንድ ሐሳብ አቀረበለት፦ ማሽኑ የራሱን ሥራ እንዲመስል የሚያደርግ ፕሮግራም መጻፍ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሌላውን ፕሮግራም ትዕዛዞች አንድ በአንድ እያነበበ፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ምን እንዳደረገ ለመከታተል ያስችላል። በሌላ አነጋገር ስህተት ማደኛ መሣሪያ ነው። ፓይለት ኤስ ላይ ስህተቱን በጭፍን ሲፈልግ ለነበረው ለስትሬቺ ይህ የተግባር ጉዳይ ነበር። በካምብሪጅ ስታንሊ ጊል ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር፤ ስትሬቺ ግን የራሱን ከባዶ ጻፈ።

ፕሮግራሙ ከ1,000 በላይ ትዕዛዞች ሲኖሩት፣ እስከዚያ ቀን በዚያ ማሽን ላይ ከተሞከሩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ለመሞከሪያ የተሰጠው አንድ ሌሊት ነው። ማሽኑን ከዚያ በፊት ነክቶ የማያውቅ መምህር እንዲህ ያለውን ሥራ በአንድ ሌሊት ያስኬደዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሲነጋ ፕሮግራሙ ይሠራ ነበር፤ ሲጨርስም በማሽኑ የድምፅ ማጉያ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። ያ ድምፅ ማጉያ የተተከለው ለኦፕሬተሩ ምልክት ለመስጠት ነበር። ትዕዛዝን በተለያየ ፍጥነት በመደጋገም የተለያየ ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል በቱሪንግ መመሪያ ተጠቅሷል፤ ስትሬቺ ያንን ወደ ዜማ ለወጠው። በ1951 መጸው ቢቢሲ ማሽኑ ዜማ ሲያሰማ በሸክላ ቀርጾታል። ይህ ቅጂ በኮምፒውተር ከተሰሙ ዜማዎች እስከ ዛሬ ከተረፉት ቅጂዎች ሁሉ ቀደምት ነው። በ2016 በኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች የቅጂውን ፍጥነት አስተካክለው እንደገና እንዲሰማ አድርገዋል።

ሙሉው ጨዋታ

በ1952 አጋማሽ የዳማ ፕሮግራሙ ሙሉ ጨዋታ በተመጣጣኝ ፍጥነት መጫወት ቻለ። ሰሌዳው በካቶድ ሬይ ቱቦ ላይ ይታይ ነበር፤ ማሽኑ እርምጃውን በቴሌፕሪንተር ያትማል። ተጫዋቹ ሕግ ሲጥስ ወይም ሲዘገይ ማሽኑ የሚያትማቸው መልእክቶች ትዕግሥት እያጡ ይሄዱና በመጨረሻ ጨዋታውን ያቋርጥ ነበር።

ፕሮግራሙ ጥቂት እርምጃዎችን አስቀድሞ እያየ፣ በመጨረሻ ብዙ ጠጠር የሚያስገኝለትን መንገድ ይመርጥ ነበር። ንጉሥ ከተራ ጠጠር በላይ ዋጋ ይሰጠዋል። ስትሬቺ ጨዋታውን ሲከታተል አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ተቃራኒው ሊነግሥ ሲቃረብ ማሽኑ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ያስበላ ነበር። ምክንያቱ የኮድ ስህተት አልነበረም፤ ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። እያንዳንዱ መሥዋዕት የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ከሚያየው ርቀት ውጪ ስለሚገፋለት፣ ከማየት ያመለጠውን ነገር እንደሌለ ቆጠረው። ይህ ችግር ከጊዜ በኋላ የአድማስ ችግር የሚል ስም ተሰጥቶታል። ጠጠሩ በሕጉ መሠረት መንቀሳቀሱ አንድ ነገር፣ በብልሃት መንቀሳቀሱ ሌላ መሆኑን በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ስትሬቺ ሥራውን በመስከረም 1952 በቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ አቀረበ። በአሜሪካ በአይቢኤም ኩባንያ የሚሠራው አርተር ሳሙኤል የስትሬቺን ሥራ መነሻ በማድረግ ከልምዱ የሚማር የዳማ ፕሮግራም ሠራ፤ ይህም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታሪክ ትልቅ ቦታ ይዟል።

በዚያው 1952 ስትሬቺ በማንችስተሩ ማሽን ላይ ቃላትን በዕጣ እየመረጠ የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርቷል። ደብዳቤዎቹ የሚፈረሙት በማሽኑ ስም ምህጻረ ቃል ነበር። በኮምፒውተር ከተዘጋጁ ጽሑፎች ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል።

ከመምህርነት ወደ ሙያው

የማንችስተሩ ሌሊት ዝናው ስትሬቺን ከመምህርነት አወጣው። በሰኔ 1952 የብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን ሠራተኛ ሆነ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ በካናዳ ለሴንት ሎውረንስ የመርከብ መንገድ ግንባታ የሚያስፈልገውን የውሃ ፍሰት ስሌት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት ነበር። ቀጥሎም ፌራንቲ ፔጋሰስ የተባለውን ኮምፒውተር የትዕዛዝ ሥርዓት በመንደፍ ተሳተፈ። ለፕሮግራም ጸሐፊ ምቹ በመሆኑ የተመሰገነ ማሽን ነበር።

በ1959 ዩኔስኮ በፓሪስ ባዘጋጀው ጉባኤ ስለ ጊዜ መጋራት ጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ስህተቱን ሲያርም፣ እሱ በሚያስብበት ቅጽበት ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ የሌላ ሰው ፕሮግራም እንዲያስኬድ ማድረግ ነበር። በዚያው ዓመት ኮርፖሬሽኑን ለቆ በግሉ አማካሪ ሆነ፤ ፒተር ላንዲንንም በረዳትነት ቀጠረ።

ካምብሪጅ፣ ሲፒኤል እና የማይቻለው ፕሮግራም

በ1962 ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ሲፒኤል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከካምብሪጅና ከለንደን ባልደረቦቹ ጋር መንደፍ ጀመረ። ቋንቋው እጅግ ሰፊ ስለነበረ በተግባር ሙሉ በሙሉ አልተሠራበትም። ሆኖም ማርቲን ሪቻርድስ ከእርሱ ቀንሶ ቢሲፒኤልን ሠራ፤ ከቢሲፒኤል ኬን ቶምፕሰን ቢ የተባለውን፣ ከቢ ደግሞ ዴኒስ ሪቺ ሲን አወጡ።

በ1965 ስትሬቺ ለአንድ የኮምፒውተር መጽሔት አጭር ደብዳቤ ላከ። ርዕሱ ስለማይቻል ፕሮግራም ነበር። ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ ይቆማል ወይስ ለዘላለም ይሽከረከራል የሚለውን የሚመልስ ፕሮግራም አለ እንበል። እንግዲያው መርማሪው ስለ እርሱ ይቆማል ሲል የሚሽከረከር፣ አይቆምም ሲል ደግሞ የሚቆም ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። ያን ጊዜ መርማሪው ምንም ቢመልስ ይሳሳታል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መርማሪ ሊኖር አይችልም። ይህን መሠረታዊ ውጤት ቱሪንግ በ1936 አረጋግጦታል። ስትሬቺ በደብዳቤው እንዳወሳው፣ በ1953 አብረው በባቡር ሲጓዙ ቱሪንግ በቃል አስረድቶት እርሱ ግን ወዲያው ረስቶት ነበር። ስህተትን ሁሉ በራሱ የሚያገኝ ፍጹም መሣሪያ ለምን እንደማይገኝ የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ኦክስፎርድ

ስትሬቺ በ1966 ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ የፕሮግራሚንግ ምርምር ቡድንን መራ። በ1967 በኮፐንሃገን የሰጣቸው ትምህርቶች በመጽሔት የታተሙት ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው፤ ነገር ግን በእጅ ወደ እጅ እየተባዙ በመላው ዓለም ተነበቡ። በእነዚህ ትምህርቶች አንድ ስም ከእኩል ምልክት በግራ ሲሆን ቦታን፣ በቀኝ ሲሆን በዚያ ቦታ ያለውን ዋጋ እንደሚያመለክት በግልጽ ለየ። የሲ ተማሪዎች በስህተት መልእክት ውስጥ የሚያነቧቸው ኤልቫልዩ እና አርቫልዩ የሚሉት ቃላት ይህንኑ ልዩነት የሚገልጹ ናቸው። ፖሊሞርፊዝም የሚለውን ቃልም ለፕሮግራም ቋንቋዎች በሁለት ዓይነት ከፍሎ ያስተዋወቀው እርሱ ነው።

በ1969 መጸው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዴና ስኮት ወደ ኦክስፎርድ መጣ። ሁለቱ በጋራ ዲኖቴሽናል ሴማንቲክስ ለተባለው ዘርፍ መሠረት ጣሉ። በዚህ ዘዴ አንድ ፕሮግራም ምን ማለት እንደሆነ የሚታወቀው ማሽን ላይ በመሞከር ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የሚወክለውን የሒሳብ ነገር በማስላት ነው። በ1951 የከሸፈው ሙከራ የሚያስፈልገው ነገርም ይህ ነበር፤ ፕሮግራሙ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት ማወቅ። በ1971 ስትሬቺ የኮምፒውቴሽን ፕሮፌሰር ሆነ።

ሞት እና ትሩፋት

ስትሬቺ በተላላፊ የጉበት በሽታ ታሞ ግንቦት 18 ቀን 1975 በ58 ዓመቱ አረፈ። ስለ ሥራው እጅግ ጥንቁቅ ስለነበረ በሕይወት ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነው። ከሮበርት ሚልን ጋር የጀመረው ትልቅ ሥራ በሚልን ተጠናቆ ከሞቱ በኋላ በ1976 በመጽሐፍ መልክ ወጣ። የኦክስፎርዱን ቡድን ከእርሱ በኋላ የመራው ቶኒ ሆር ነው። ዛሬ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የሚሰጡ ሕዝባዊ ንግግሮች በስትሬቺ ስም ይጠራሉ።